የቶማ ገመድና የጋሽ ቦልቴ ጸሎት

ጋሽ ቦልቴ እግራቸውን ካመማቸው ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑን መድረክ መውጣት አቅቷቸው፣ ጸሎት ሲሰጣቸው ከመቀመጫቸው ሆነው በደከመ ድምፅ ይጸልዩ ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ጽዳቱ አልቆ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ልብስ ሰፊው ቶማ ብቻውን ተንበርክኮ የማይክ ገመድ ቀጠለ። ማይኩ ከሽማግሌው ወንበር እንዲደርስ ነበር፤ ለማንም አልተናገረም።

ዘመኑ ሞባይል ገና ሶዶ ያልገባበት ነው። እሑድ ጋሽ ቦልቴ መጸለይ ሲጀምሩ ሞንታርቦው፣ ድምፅ ማጉያው፣ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ። መጋቢው በመድረኩ ማይክ ሲናገሩ ጸጥ አለ። ሦስት እሑድ እንዲሁ ሆነ። አንዲት ሴት መሣሪያው እንኳ ጸሎታቸውን እንዳልተቀበለ ለጎረቤቷ ሹክ አለች፤ ወሬው ሽማግሌው ጆሮ ደረሰ። በአራተኛው እሑድ ቀሩ።

ቶማ ግራ ገባው። ጾመ፤ ማጉያውን ፈትቶ አቧራውን ጠረገ፤ ሶኬት ቀየረ። ሽቦው አልተበጠሰም፣ ድምፁም ይደርሳል። በመጨረሻ ገመዱን ጠቅልሎ ቦዲቲ ከተማ ቴፕና ራዲዮ ወደምትጠግነው ወደ መሲ ሄደ።

«ይሄ ቅጥያ እኮ የአምፖል ሽቦ ነው» አለችው። «መረቡስ?»

የማይክ ገመድ ውስጥ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ቀጭን የመዳብ መረብ አለ። ቶማ ለጥንካሬ የገባ ገበር ይመስለው ነበር።

«ልብስ ሰፊ ሆነህ ገበር ትረሳለህ?» ብላ ሳቀችበት።

እንዳስረዳችው ከሆነ፣ ቅጥያው ከመብራት መስመር ጎን ለጎን ስለተዘረጋ የመስመሩን ጉርምርምታ ይለቅማል፤ መረቡ ቢኖር ግን ውስጠኛው ሽቦ ጋ ሳይደርስ ተቀብሎ ይሸኘው ነበር። ሽቦ ከሽቦ ሳይነካካ እንዴት ይለቅማል ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቃት። የማይታይ ነገር በመዳብ መረብ ይያዛል ብሎ መቀበል ከበደው። ቢሆንም ከእሷ መረብ ያለው ገመድ ይዞ ተመለሰና ከመብራቱ መስመር አርቆ ዘረጋው። ሞንታርቦው ዝም አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የሽማግሌው ወንበር ግን ባዶ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይህን ታሪክ ወደሚጽፈው ሰው ቤት መጣ።

«አንተ ታነባለህ፤ እኔ አሁንም በቅጡ አልገባኝም» አለ። «እሑድ ለሕዝቡ የሚነበብ አንድ ገጽ ጻፍልኝ። ያጉረመረመው ጸሎታቸው ሳይሆን ገመዱ ነው በል። ገመዱን የቀጠለውም ቶማ ነው፤ ስሜን እንዳትተወው።»