የአማቴን ማርዳ ያወጣንበት ወንፊት

ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ በሁለተኛው ዓመት ኮልፌ ተዳርኩ። ዛሬ አሥራ ስምንት ማዞሪያ የሚባለው ሰፈር ያኔ ገብስ የሚዘራበት ተዳፋት ነበር፤ ጥቂት የሣር ቤቶች፣ ከሥራቸው ደግሞ አንዲት ወንዝ። ባለቤቴ ጣሊያን ወደ ምዕራብ በሚያወጣው መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ፈላጭ ስለነበር ሳምንቱን ካምፕ ያድርና ቅዳሜ ይመጣል። ሙሽርነቴን ያሳለፍኩት ከእሱ ይልቅ ከእናቱ ጋር ነው።

አማቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቃል ይቆጥባሉ እንጂ። ጠዋት “ደህና አደርሽ” ይሉኛል፣ ማታ “ደህና እደሪ”፤ በመካከል ያለውን ቀን ሁለታችንም በየፊናችን እንጨርሰዋለን። ውሃ ቀድተው ሲመለሱ ግን እንስራቸውን እንዳዘሉ ወንዙ ዳር ያለ አንድ የአፈር ክምር አጠገብ ቆመው ይቆያሉ። ሸክሙ እንደሚከብዳቸው እያየሁ ነገሩ አልገባ አለኝ። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

“እማማ፣ እዚህ አፈር ውስጥ ምን አለዎት?”

“ማርዳዬ” አሉኝ።

ጠላት ደረሰ የተባለ ጊዜ የሰርጋቸውን የብር የአንገት ማርዳና የሟች ባላቸውን ቀለበት ማሰሮ ውስጥ ከተው ጓሯቸው ካለው ግራር ሥር ቀብረው ነበር። ከዚያ ከልጃቸው ጋር ወደ መናገሻ በኩል ወዳሉ ዘመዶች ሸሹ። ሲመለሱ ግራሩ የለም። መንገድ ሠሪዎቹ የውሃ ማውረጃ ቦይ ሲቆፍሩ ከነሥሩ ነቅለውት፣ የጓሮውን አፈር ከወንዙ ጠጠር ጋር ደባልቀው እዚያ ከምረውታል። ክምሩ ከቤታችን ጣሪያ እኩል ነበር። አማቴ ጥቂት ቀን በእጃቸው ጫር ጫር አድርገው ተዉት።

“ታዲያ ለምን አንነፋውም?” አልኩ።

“ዱቄት መሰለሽ?”

አባቴ ግንበኛ ነው። አሸዋ ሲነፋ እያየሁ ስላደግሁ ቀላል መስሎኝ በማግስቱ የቤቱን ወንፊት ይዤ ወረድኩ። በሦስተኛው እፍኝ ጠጠሩ በጣጥሶት እጄ በቀዳዳው ወጣ። አማቴ የተቀደደ ወንፊታቸውን አገላብጠው አዩና ወደ ቤት ገቡ። ያን ቀን ማታ የበላነው ቂጣ ካልተነፋ ዱቄት የተጋገረ ነበር። ሁለታችንም ገለባውን ከጥርሳችን ስንለቅም አመሸን።

ቀጥዬ አንድ አሮጌ ቆርቆሮ በሚስማር በሳሳሁ። እሱም ለአንድ ጠዋት ብቻ አገለገለ፤ የኮልፌ አፈር መረሬ ነው፣ ትንሽ እርጥበት ካለው ቀዳዳውን እንደ ሰም ይደፍነዋል።

ቅዳሜ ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀብኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከጋቢው ሥር የተጠቀለለ ሽቦ አወጣ። በካምፑ ወጥ ቤት ሥጋ ከዝንብ የሚከለልበት ሣጥን ነበር፤ ሣጥኑ ሲሰበር መረቡን ቆሻሻ ላይ ጥለውት እሱ አንስቶታል። ዓይኑ ደቃቅ ነው፣ የጤፍ ዱቄት ያህል እንጂ ዶቃ አያሳልፍም። መሃሉ ላይ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረችበት፤ በቀጭን ሽቦ ጠቀምኳት።

ክፈፉን ከባህር ዛፍ ሠራሁት። ልጡን ልጬ፣ አራቱን እንጨት ጫፍና ጫፋቸውን አስተኝቼ፣ የጎበጡ ሚስማሮችን በድንጋይ ላይ አቃንቼ መታሁ። ሽቦው በሚስማሩ ራስ እንዳይቀደድ ዙሪያውን የቆዳ ቁራጭ አለበስኩት። አማቴ ማዕዘኑን ይዘውልኝ ነበር።

“መዶሻ ያዥ ምራት ሰጠኝ እንግዲህ፤” አሉ። ቁጣ ይሁን ቀልድ ቀና ብዬ ሳያቸው ከንፈራቸው ዳር ላይ ፈገግታ አየሁ። የመጀመሪያው ነው።

ከላዩ ሌላ ወንፊት ጨመርኩ፤ ጣት የሚያሾልክ፣ ከአጥር ሽቦ የጠለፍኩት፤ ትልልቁን ድንጋይ እሱ ያስቀራል። ሁለቱን በቃጫ ገመድ አስሬ በሦስት አጣና ላይ አንጠለጠልኳቸው። አንዳችን አፈር ስንጨምር ሌላችን እንደ ሕፃን አልጋ እንወዘውዛለን። ጓሉን በዱላ እንከሰክሳለን፣ ነጠላችንን አፍና አፍንጫችን ላይ እንጠመጥማለን። አቧራው ሲወርድ ታችኛው ሽቦ ላይ ጠጠር ብቻ ታጥቦ እንደወጣ ይቀራል። ያንን አማቴ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ምስር እንደሚለቅሙ ይለቅማሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት የወጣልን የገል ስባሪ፣ የአውሬ ጥርስና ብዙ ባልጩት ነው። ሁሉንም ጣሳ ውስጥ አጠራቀምነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ የመንገድ ሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ጣሊያን ነው፣ ከአስተርጓሚው ጋር ቦዩን እየተከተለ መጣ። መሸሻ አልነበረንም።

“የምትፈልጉት ጥይት ነው ወይ ይላል፤” አለ አስተርጓሚው።

አማቴ ከተቀመጡበት አልተነሡም። “የራሴን ዕቃ ነው በለው። የበተናችሁብኝ እናንተ ናችሁ በለው።”

አስተርጓሚው ለዘብ ባለ ድምፅ ረጅም ነገር ተናገረ። ያ ሁሉ ቃል ከአማቴ አፍ እንዳልወጣ ለማወቅ ጣሊያንኛ መቻል አያስፈልግም ነበር። ካቦው ጣሳውን አንስቶ አንድ ስለታም ባልጩት አወጣና በአውራ ጣቱ ሞከረው። ቆረጠው። ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑ ሽቦው ላይ አረፈ፤ ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ነካካው።

“ይሄ የኛ ወጥ ቤት ነው ይላል።”

ከካምፕ የገመድ ቁራጭ ወስዶ የተገረፈ ሰው አውቃለሁ። “ቆሻሻ ላይ ተጥሎ ነው የተነሣው፤” አልኩ። “ቀዳዳውን ይየው።”

ካቦው የጠቀምኩትን አየ፤ እኔን አየ። ቀጥሎ ያደረገውን አልጠበቅንም። በአንድ ወገን ያለውን ገመድ ፈትቶ በስንዝር ያህል አሳጠረና መልሶ አሰረው። አንዴ ወዘወዘው። ጠጠሩ ተንከባሎ ወደ ዝቅተኛው ጠርዝ ተሰበሰበ።

“ዘንበል ሲል ወገባችሁን አያደክማችሁም ይላል፤” አለ አስተርጓሚው። ካቦው መንገድ ሲጀምር እሱ አንድ እርምጃ ቀረት ብሎ “እናቴ፣ ጥይት ቢወጣላችሁ ወንዝ ውስጥ ጣሉት፣ ቤት አታስገቡ” አላቸውና ተከተለው።

ከዓይን እስኪጠፉ ጠብቀው አማቴ “ነቃዩም እሱ፣ አስተማሪዬም እሱ!” አሉ። ገመዱን ወደነበረበት ልመልስ ይዤ ነበር። አንዴ ሞክሬ ልየው ብዬ ወዘወዝኩት። ደስ ባይለኝም ይሻላል፤ እንዳሰረው ተውኩት።

ካቦው ከሄደ በአራተኛው ቀን የማሰሮው ስባሪ ወጣ። አማቴ ሲቀብሩት ስንጥቁን በሰም ደፍነውት ስለነበር ሰሙ አሁንም ጠርዙ ላይ አለ። አሸተቱት። እጄን አካፋው ላይ እንዳለ ጨበጡት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ያንን የክምሩን ጎን ብቻ ነፋን። የመጀመሪያው የብር ፍሬ ሲወጣ ጭቃ የለበሰ ጠጠር መስሎኝ ልጥለው ነበር። ከእጄ ነጥቀው አፋቸው ውስጥ ከተቱት፣ አላምጠው አወጡትና በቀሚሳቸው ጠረጉት። አበራ።

“እሱ ነው፤” አሉ። “እሱ ነው ልጄ።”

ልጄ ሲሉኝም የመጀመሪያው ነው።

በዚያው ቦታ የኛ ያልሆኑ ነገሮችም ይወጡ ነበር። መሃላቸው የተበሳ ቀያይ የድንጋይ ዶቃዎች። አፉ ዙሪያውን በጥፍር እየተጫነ ያጌጠ የድስት ገል። አማቴ የራሳቸውን ጥፍር በአንዱ የጥፍር ምልክት ላይ አሳረፉት፤ ልክክ አለ።

“ሴት ናት፤” አሉ። “እጇ የኔን እጅ ያክላል። መቼ የኖረች ትሆን?”

“እንጃ እማማ። ከአያቶቻችንም በፊት ይሆናል።”

“እዚችው ወንዝ ወርዳ ቀድታለች ማለት ነው።” ገሉን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ስለ ሰርጋቸው ይነግሩኝ ጀመር፤ ባላቸው በበቅሎ ሲመጣ ዝናብ እንደመታው፣ ማርዳውን ሲያጠልቅላቸው እጁ እንደ ውርጭ ቀዝቅዞ እንደነበር። ከዚያ በኋላ አንዲት አካፋ አፈር ሳንነፋ ፀሐይ ጠለቀች።

የበልግ ዝናብ ሳይጥል ከማርዳው ብዙውን ፍሬ አገኘን። ቀለበቱ አልተገኘም። እኔ ልቀጥል ስል “ይቅር፣ አፈሩ ያኑርለት” አሉኝ። ብሩን በአዲስ ክር ሲሰኩት በጎደለው ቦታ ቀያዮቹን ዶቃዎች አስገቡበት። በሚቀጥለው እሑድ አጥልቀውት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ስንወጣ አንዲት ጎረቤት ማርዳውን እየዳሰሰች ከየት እንደመጣ ጠየቀች።

“ምራቴ አወጣችው፤” አሉ፤ ሌሎቹም እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ከዚያ በኋላም መንፋታችንን አልተውንም። የምንፈልገው ነገር አልነበረንም፤ ግን ሥራ ቀለል ባለ ቀን አማቴ አካፋውን አንስተው በሩ ላይ ይቆማሉ። “ዛሬ አንወርድም እንዴ?” ይሉኛል። እንወርዳለን። እኔ እወዘውዛለሁ፣ እሳቸው ይለቅማሉ፣ ወሬያችንም አያልቅም።