የፀሐይ ካሳ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በርበሬ እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ። ዛላውን ቀንጥሼ ግቢዬ ውስጥ ሰሌን ላይ አሰጣዋለሁ፤ ሲደርቅ ከቅመሙ ጋር ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ያለ ፀሐይ ይህ ሥራ አይሠራም። እርጥበት የቀረው በርበሬ ይሻግታል፤ የሻገተ የደረሰው ደንበኛ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

ለቡ ውስጥ ከግቢዬ ጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ ፎቅ ተሠራ። ጥላው ከጠዋት ጀምሮ ግቢዬ ላይ ተኝቶ ይውላል። በዚያ በጋ ያሰጣሁትን ግማሹን ደፋሁት። ሥራዬ ሊያበቃ እንደሆነ ገባኝ።

የፎቁ ባለቤት ወጣት ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። ስነግረው ደነገጠ።

«እማማ፣ ኮምፐንሴሽን እከፍልዎታለሁ። ስንት እንደሆነ ይንገሩኝ።»

ቃሉን ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ተምሬዋለሁ። መምህራችን «ካሳ» ብለው ተርጉመውልን፣ «የጎደለውን መሙላት ማለት ነው» ብለው ነበር። በእኛ ሰፈር ግን ካሳ የሚባለው መሬቱ ለተወሰደበት ገበሬ የሚሰጠው ገንዘብ ነው።

ስለ ነገሩ ሽማግሌ ጎረቤቴን አማከርኳቸው። ሰፈሩ እርሻ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚሁ የኖሩ ናቸው።

«እኔም ለማሳዬ ካሳ ተቀብያለሁ» አሉ።

«ታዲያ ምን አደረጉት?»

«በላነዋ! ማሳው በየዓመቱ ያበላኝ ነበር፤ ካሳው አንዴ አብልቶኝ ሄደ። አንቺ ግን የወሰደብሽን ነገር ራሱን መልስ በይው።»

«የወሰደብኝማ ፀሐዬን ነው።»

«ፀሐዩ የት ሄደ ታዲያ? ጣሪያው ላይ አይደለም እንዴ!»

አብረን ወደ ፎቁ ባለቤት ሄደን፣ በርበሬዬን ጣሪያው ላይ እንዳሰጣ ጠየቅነው። ልጁ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ወደ ላይ አንጋጦ ጥቂት አሰበ።

«ጉልበትዎ ደረጃውን ይችለዋል?»

«ቀስ እያልኩ እወጣዋለሁ።»

የጣሪያውን ቁልፍ ሰጠኝ። የመጀመሪያውን ማዳበሪያ ዛላ ራሱ ተሸክሞ አወጣልኝ።

እዚያ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ አለ፤ ነፋሱም ያግዛል። በርበሬው ግቢዬ ውስጥ ይደርቅ ከነበረው ፈጥኖ ደረቀ። አንዲት ተከራይ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ።

«እማማ፣ በርበሬዎ ሕንፃውን በሙሉ አስነጠሰው እኮ!»

ይቅርታ ልጠይቃት ስል፣ «ለእኔም ያዘጋጁልኛል?» አለችኝ።

ቅዳሜ ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ ዛላዋን ይዛ መጣች። ጣሪያው ላይ ተቀምጠን እያነጠስን ቀነጠስን።