የእትዬ አስካለ አውራ ዶሮ

የልጅ ልጄ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለማጥናት እኔ ዘንድ ከመጣች ወዲህ ስልኳ በየንጋቱ እንደ አውራ ዶሮ ይጮሃል። ራሷ የመረጠችው ድምፅ ነው፤ ትስቅበታለች። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል፣ እግሬ ብርድ ልብሱን ገፍቶ መሬት ይፈልጋል፣ የማረፍድበት ቦታ እንደሌለ እስካስታውስ ድረስም ላብ ያጠምቀኛል። ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ፣ አስተምሬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ ያ የደብረ ብርሃን ሌሊት ዛሬም አለቀቀኝም።

ያኔ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ለመፈተን ከአንኮበር ደብረ ብርሃን መሄድ ነበረብን። አባቴ የደብራችን ቄስ ነበሩ፤ ሴት ልጅ አስኮላ ሰደዱ ተብለው በገዛ ወንድሞቻቸው ሲወቀሱ የኖሩ፣ "ትለፍና ታያላችሁ" እያሉ አፍ ሲያስይዙ የከረሙ ሰው። ብወድቅ እኔ ተመልሼ እዳራለሁ፣ እሳቸው ደግሞ በየድግሱ መሳቂያ ይሆናሉ። ቀኑን ሙሉ በእግር ተጉዘን ዘመዳችን እትዬ አስካለ ቤት ሲያደርሱኝ፣ መንገድ ላይ ደጋግመው የነገሩኝ ስለ ሒሳብም ስለ እንግሊዝኛም አልነበረም፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ የመጣ ተፈታኝ አይገባም፣ ዶሮ ሲጮህ ተነሺ፣ ይኸው ነው። ይህንኑ ብለው፣ ግንባሬን ስመው፣ በማግስቱ ወደ ደብራቸው ተመለሱ።

እትዬ አስካለ የበግ ጠጉር እየፈተሉ ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ሠሪዎች የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሳቃቸው ከግቢ አልፎ የሚሰማ ሴት ነበሩ። ሰዓት የሚባል ነገር በሰፈሩ የለም፤ የቤተ ክርስቲያኑን ደወልም የሩቅ ጎረቤቶችን ዶሮ ጩኸትም ነፋሱ ከበረታ ወደ ሌላ ሰፈር ይወስደዋል። የነበረው ቀይ አውራ ዶሯቸው ነው። ከፈተናው በፊት በነበሩት ሌሊቶች እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ጎህ ሳይቀድ ድምፁን እሰማና "ይኸው፣ አለ" ብዬ እጽናና ነበር። የሒሳቡ ደንብ ቢጠፋኝ፣ የእንግሊዝኛው ቃል ቢሸሸኝ፣ ቢያንስ በሩ ሳይዘጋ የሚያደርሰኝ አለ።

በዋዜማው ማታ እትዬ አስካለ ወጥ አወጡ። ጾም አልነበረም፤ እኔም ስንቅ የሰለቸኝ ልጅ ነኝና ዝም ብዬ በላሁ። ነገሩ የገባኝ አጥንቱን እየጋጥኩ ሳለ ነው። በዚያ ግቢ ከእሱ ሌላ ዶሮ አይቼ አላውቅም። ኩራዙን ይዤ ደጅ ስወጣ ቀዩ ላባ አጥሩ ሥር ተከምሯል። እያለቀስኩ ስመለስ በርበሬው የበዛብኝ መስሏቸው ውሃ ቀድተው ጠበቁኝ።

"እትዬ፣ ነገ ማን ይቀሰቅሰኛል?" አልኳቸው።

ውሃውን አስቀምጠው ደረታቸውን ደቁ። "እኔን አፈር ይብላኝ! የቄስ ልጅ ሽሮ በልታ ፈተና ትግባ እንዴ ብዬ እኮ ነው! ምን ነካኝ?" ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም ድስቱን አየነው። "በይ ተዪው፣ ልጄ። እሱ ቢሄድ እኔ አለሁ። ዛሬ አልተኛም፤ አንቺ ተኚ።"

ኩራዙን አጠገባቸው አድርገው እንዝርታቸውን ማሾር ጀመሩ። እኔ ባናው ውስጥ ተጠቅልያለሁ። ዓይኔን ስጨፍን የተዘጋ በር ይታየኛል፣ አባቴም በአጎቶቼ መሀል አንገታቸውን ደፍተው። ስከፍተው እንዝርቱ ይሾራል።

"እትዬ፣ ነቅተዋል?"

"ነቅቻለሁ፣ ተኚ።"

ጥቂት ቆይቼ እንደገና እጠይቃለሁ፤ አንድም ጊዜ ሳይሰለቹ ያንኑ ይመልሱልኛል። አንዴ የእንዝርቱ ድምፅ ቀጥ ሲል ዘልዬ ተነሣሁ። "እንዝርቱ ነው የወደቀው እንጂ እኔ አልወደቅኩም፤ ተኚ ብዬሻለሁ!" አሉ እየሳቁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ትከሻዬን ሲነቀንቁኝ ነው።

እሳቸውም ማርፈዱን ፈርተው ኖሮ፣ ትምህርት ቤቱ ደጅ የደረስነው ዘበኛው እንኳ ሳይነሣ ነው። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ከወንዙ ማዶ ጅብ ይጮሃል። በሩ ሥር ተቀምጠን ባናውን ለሁለት ተከናነብን። እትዬ አስካለ ወደ ትከሻዬ ዘንበል አሉና ወዲያው ማንኮራፋት ጀመሩ። እንዳይነቁብኝ ብዬ አልተነቃነቅኩም። ጭንቅላታቸው ይከብዳል፣ ሻሻቸው የበግ ጠጉር ይሸታል። በዚያ ጨለማ የነቃሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ መፍራት ያለብኝም ያን ጊዜ ነበር። ግን አልፈራሁም። እሳቸውን መጠበቅ ነበረብኛ። በየግቢው የሰው ዶሮ ሲጮህ፣ ሰማዩ ሲገረጣ፣ ዘበኛው ቁልፉን እያንቋቋ ሲመጣ ሁሉን አየሁ። የቀሰቀስኳቸው እኔ ነኝ።

አለፍኩ። አባቴም አጎቶቼን ጠርተው ጠላ አጠጧቸው። ከፈተናው ጥያቄዎች ግን አንዱንም አላስታውስም። እትዬ አስካለ ሌላ አውራ ዶሮ ገዝተው ነበር፤ "ይኼኛው የሚጮኸው ለራሱ ነው" እያሉ ያሙት ነበር፣ እስኪሞቱ ድረስ።

ነገ የልጅ ልጄ ፈተናዋን ትጀምራለች። ከግድግዳው ማዶ ተኝታለች፤ ስልኳ ራስጌዋ ነው። እኔ እንቅልፍ የለኝም። ተነሥቼ በሯ ጋ ቆምኩና ጆሮዬን ጣል አደረግኩ፤ ስትገላበጥ ሰማኋት። "እማማ፣ ነቅተሻል?" ብትለኝ መልሱ አፌ ላይ ነው። ስልኳን ታምናለች፤ አልጠየቀችኝም።