አያ ዓለሙ የሞሉት ባዶ ቦታ

ባለፈው ሳምንት የአያ ዓለሙ ልጅ ቀሐ ድረስ መጥቶ ቤቴን አንኳኳ። አባቱ ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ለመታሰቢያቸው መጽሔት ያሳትማል። አንድ ነጭ ወረቀት ሰጠኝና፣ «እማማ፣ አብራችሁ ሠርታችኋልና ጥቂት ይጻፉልኝ። ጎንደር ላይ የኮምፒውተር ሥራ የጀመሩት አባቴ መሆናቸውን እርስዎ ያውቃሉ» አለ። ወረቀቱን ተቀበልሁ። የማውቀውን ግን አልነገርሁትም።

ንጉሡ በዙፋን ሳሉ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። አንድ ህንዳዊ መምህር መጥቶ ኮቦል የሚባለውን የማሽን ቋንቋ ለሦስት ሳምንት አስተማረን። ማሽኑ አዲስ አበባ ነው ያለው። እኛ ካሬ ካሬ በተሰመረ ወረቀት እንጽፋለን፤ እዚያ ያሉት እኛ እንደጻፍነው ማሽኑ የሚያነብበውን ካርድ ይበሳሉ። ፕሮግራሙ ያለ ስህተት የሠራለት ሰው ለትምህርት አዲስ አበባ ይሄዳል ተባለ። እንፍራንዝ ያለው አባቴ ሊድረኝ ሽማግሌ ተቀብሎ ነበርና፣ መውጫዬ ያ ብቻ ነበር።

ደንቡ ጥብቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ካሬዎች ለመስመር ቁጥር ናቸው። ርዕስ ከስምንተኛው፣ ትእዛዝ ከአሥራ ሁለተኛው ካሬ ይጀምራል። ባዶ ቦታው ራሱ የሥራው አካል ነው። በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠምሁ ጻፍሁት።

አያ ዓለሙ ዋና ጸሐፊያችን ነበሩ፤ ብራና ሲጽፉ ያደጉ ሰው። ከኋላዬ ቆመው አዩና፣

«ምነው እቴ፣ ይህ ሁሉ ባዶ? ብራና ቢሆን ይሄኔ አንድ ፍየል ጨርሰሻል!» አሉ።

«አያ ዓለሙ፣ ባዶውን ከነኩት ማሽኑ አያነብበውም።»

«ታዲያ ምኑን ተማረ!»

ሳቅን። መሳቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናቴ ታመመችና፣ የጻፍሁትን ጠረጴዛዬ ላይ ትቼ፣ ረቂቁን በቦርሳዬ ይዤ እንፍራንዝ ወረድሁ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ማኪናዋ ሁለት ጊዜ ተያዘች። ስመለስ ወረቀቴ ከአዘዞ በአውሮፕላን ሄዷል።

«አሳምሬ ገለበጥሁልሽ» አሉኝ አያ ዓለሙ ደስ ብሏቸው።

«ባዶውን ትተውታል?»

«የምን ባዶ? ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞላሁት እንጂ!»

ወረቀቱ ከአዲስ አበባ ተመለሰ፤ ስህተት የሌለበት መስመር አልነበረም። ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶት፣ «የማን ሥራ ነው?» አለ። ግርጌው ላይ ስሜ አለ። ወደ አያ ዓለሙ ዞርሁ። ብዕራቸውን ቀለም ያስጠጡ ነበር። እኔም አላጋለጥኋቸውም፤ መሥሪያ ቤቱ ያስቀጠሩኝ እሳቸው ነበሩ።

ማታ ስንወጣ፣ «ረቂቅሽን ስጪኝ፤ ሸጋ አድርጌ ልላክልሽ» አሉኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ያን ጊዜ ከባዶው አንዲት ካሬ አልሞሉም። ፕሮግራሙ ሠራ። ግርጌው ላይ ያለው ስም ግን የእሳቸው ነበር። መስቀል እንዳለፈ አዲስ አበባ ሄዱ፤ እኔ በጥር ተዳርሁ።

የመጀመሪያውን ካለማወቅ እቆጥርላቸዋለሁ። ሁለተኛውን ግን ደንቡን ከእኔው ተምረው ነው የሠሩት። ሰው ይህን ያህል ዘመን ቂም ይዞ ምን ያተርፋል ይሉኛል። ምንም። እኔ ግን ሌላ የያዝሁት ነገር አልነበረም።

ትናንት ልጁ ወረቀቱን ሊወስድ መጣ። ተቀብሎኝ በፊቱም በጀርባውም አየው።

«እማማ፣ ምንም አልጻፉበትም እኮ።»

«አባትህ ቢኖሩ ያነቡት ነበር» አልሁት።