ዘጠና ኪሎ

በረዷማዎቹ የቲሮል ተራሮች ሥር፣ በአሠሪዬ በቡርግል ሱቅ ውስጥ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ማከራየት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ክረምት ሆነኝ። ደንበኞቻችን ስለ ችሎታቸው ይዋሻሉ፤ ስለ ክብደቱ እንደዚህ ሰውዬ የዋሸኝ ግን የለም።

ረጅም ነው። ካፖርቱ የሌላ ሰው ይመስላል፤ ቀበቶው ላይ በቢላ የተበሱ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉ። ቁመቱን የሚያልፈውን ጠንካራ ስኪ ከመደርደሪያው አንሥቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። አዳሰሱ የአዋቂ ነው።

"ለተጠረገውም ላልተጠረገውም በረዶ የሚሆን ስጪኝ" አለ። "እኔ በፍጥነት ነው የምወርደው።"

"ክብደትህስ?" ተራራ ላይ አንቱታ የለም።

"ዘጠና።"

ቡርግል ከጓዳ ሆና ሳቀች። "ከነስኪው ነው?"

እሱ አልሳቀም። መቆለፊያ የማጠብቅበት ካቻቢቴ እጄ ላይ ከበደኝ። ጫማውን ከስኪው የሚያያይዘውን መቆለፊያ ለዘጠና ኪሎ ሰው ካጠበቅሁት፣ ሲወድቅ እግሩን አይለቀውም፤ አጥንቱ ይሰበራል። እንደማላምነው መናገር ስላፈርኩ ሚዛኑን በእግሬ ወደሱ ገፋ አደረግሁት።

ሚዛኑን እንደ ገደል አፋፍ አየው።

"ሐኪሜም በየሳምንቱ እንዲህ ያለ ሚዛን ላይ ነው የሚያቆመኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ወጣበትና ዓይኑን ጨፈነ። "አንብቢው። ለኔ ግን አትንገሪኝ።"

አነበብኩት። ከዘጠና በጣም ያነሰ ነበር። አገጩ ላይ የሚደርስ፣ ቶሎ የሚታጠፍ፣ ለቀላል ሰው የሚሆን ስኪ አመጣሁለትና መቆለፊያውን አላላሁት። ረጅሙን ራሱ ወደ መደርደሪያው መለሰው። የኪራይ ቅጹን እንዲፈርም ሳቀርብለት፣ ክብደቱ የተጻፈበትን ቦታ በመዳፌ ሸፈንኩት።