የወገቤ ልክ

አዲስ ላስቲክ ከጥቅልሉ ሲፈታ የሚሸተው ሽታ ዛሬም በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ድንገት ሲመጣብኝ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ የነበረው የአክስቴ የእትዬ ዘሀራ ቤት ትዝ ይለኛል፤ ደስ ግን አይለኝም።

ዘመኑ የጣሊያን ነበር። አባቴ በጦርነቱ ከሞተ በኋላ እናቴና እህቱ እትዬ ዘሀራ በእኔ ተጣልተው፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ክረምቱን ደሴ ከአክስቴ፣ በጋውን ኮምቦልቻ ከእናቴ ጋር እንድኖር ተወስኖ ነበር።

ክረምት ሲገባ ደሴ በጉም ትሸፈንና እትዬ ዘሀራ በሯን ዘግታ ለገበያ የሚሆን የትንንሽ ልጃገረዶች ጉርድ ቀሚስ በእጅ መኪና ትሰፋ ነበር። ሥራው እንዲህ ነው፦ የልጅቱን ወገብ በሲባጎ ለክታ ልኩ ላይ ትቋጥራለች፤ ላስቲኩን ግን ከቋጠሮው አራት ጣት አሳጥራ ትቆርጠዋለች፣ ምክንያቱም ላስቲክ ካልተወጠረ አይዝም። ከዚያ የጨርቁን አፍ አጥፋ ሰፍታ፣ ላስቲኩን በመርፌ ቁልፍ ጎትታ ታሳልፍና ሁለቱን ጫፍ ደርባ ትሰፋዋለች። ከታች ደግሞ ልጅ ታድጋለችና አንድ ስንዝር ታጥፋለች። መለኪያዋ እኔ ነበርኩ፤ ስደክም «ሆድሽን አትንፊ፣ የእናትሽ ልጅ» እያለች በመቀሱ እጀታ ትጎስመኝ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ለእኔም አንድ ጉርድ ሰፋችልኝ፤ የወገቤን ሲባጎ ግን ለብቻው ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። «ስትመለሺ እንለካሻለን፤ እናትሽ ምን እንደምታበላሽ እናያለን» አለችኝ።

ኮምቦልቻ ሙቀት ነው። እናቴ ከአክስቴ ቤት የወጣ ነገር ሁሉ ቅማል ያለበት ይመስላት ስለነበር፣ ጉርዱን በየሳምንቱ በአመድ ውሃ ትቀቅለው ነበር። «የእሷ ቤት ተባይ እዚህ አይራባም» ትላለች። ላስቲክ በፈላ ውሃ እንደሚበላሽ ያኔ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም ያወቅሁት ወገቤ ላይ ሲላላብኝ ነው። በጋው ሳያልቅ በመቀነት እያሰርኩ እለብሰው ጀመር።

ሰኔ ሲገባ እናቴ ይዛኝ ደሴ ስትመጣ፣ ያኔ ሽማግሌ ሆነው ያስታረቁን ሼህ ይማም አክስቴ ቤት ተቀምጠው ነበር። እትዬ ዘሀራ ሰላም እንኳ ሳትለን መቀነቴን ፈታችው፤ ጉርዱ እግሬ ሥር ወድቆ በሸሚዝ ቀረሁ።

«አዩልኝ ሼህ፤ አጥንቷን ነው የመለሰችልኝ።»

«የከሳው ስፌትሽ ነው እንጂ ልጄስ አልከሳችም» አለች እናቴ።

«ላስቲኩ ነው» አልኩ እኔ፤ «ስትቀቅለው ላላ። በሲባጎው ለኩኝ።»

ሼህ ይማም የሴት ልጅ ወገብ አይነኩም፤ እናቴ እንዳትለካ ባለጉዳይ ናት ተባለ። እትዬ ዘሀራም ባለጉዳይ መሆኗን ያነሳ የለም። ሲባጎውን አዙራብኝ፣ ጉልበቷን ጀርባዬ ላይ አድርጋ፣ ጭነት እንደሚያስር ሰው ሳበችው፤ ጫፉ ቋጠሮውን አራት ጣት አለፈ፤ ወገቤ ያን ያህል የከሳ መሰለ።

«ወላሂ፣ እርስዎ በዓይንዎ አይተዋል» አለች።

ትንፋሼ ሲመለስ «ስባው ነው» አልኩ።

«ይኸው፤ አስጠንታ ነው ያመጣቻት» አለች አክስቴ።

ሼህ ይማም አንገታቸውን ነቀነቁ። «ልጅ ይህን ከራሷ አታመጣም» ብለው በጋውንም ለአክስቴ ፈረዱ። እናቴ አላለቀሰችም፤ ጉርዱን አንስታ እትዬ ዘሀራ ፊት ወረወረችውና የኮምቦልቻን ቁልቁለት ብቻዋን ወረደች።

ዛሬ መንገዱ በመኪና ቅርብ ነው፤ በየሳምንቱ ወርጄ ከእናቴ ጋር ምሳ እበላለሁ፣ ያን ቀን ግን ሁለታችንም አናነሳውም። አሁን ስፌት ሳስተምር የምትለካዋ ልጅ «ጠበቀኝ» ስትል ሲባጎው ይላላላታል፣ ሌላ ምስክር አልጠይቅም። ያኔ ግን የእኔን ቃል እንደ እናቴ ቃል ቆጥረው፣ ስድስት በጋ ወሰዱብን።