ሆድ በዱላ አይድንም

ያሳደጉኝን አጎቴን ጎረቤት ሁሉ በደግነታቸው ያነሳቸዋል። እኔ የማስታውሳቸው ግን በቁጣቸው ነው።

የስኳር ሕመም ከያዘኝ ቆይቷል፤ በኋላ ሆዴም አብሮ ታመመ። የበላሁት አልረጋ ሲለኝ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር መድኃኒት ከሚሸጥ ሰው አንድ ጠርሙስ ገዛሁ። «አንጀትሽን ጠርጎ ያጸዳዋል» አለኝ። በማግስቱ ደም አስመለሰኝና ራሴን ሳትኩ።

አጎቴ ሐኪም ቤት አስተኝተውኝ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። የሰውየውን ጠርሙሶች አንድም ሳያስቀሩ ሰባበሯቸው። እሱም በድንጋይ ግንባራቸውን ፈነከታቸው። ሸሚዛቸው በደም ርሶ አልጋዬ አጠገብ ሲቆሙ ክው አልኩ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«እሱን ዱላ ያስተካክለዋል። ሆድ ግን በዱላ አይድንም፤ ይባበላል እንጂ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪሟ የፈቀደችልኝን ቀጭን የገብስ ሾርባ ቀበና ባለው ቤታችን በየጠዋቱ ራሳቸው ይሠሩልኝ ነበር። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያዩኛል። ቶሎ ቶሎ ከዋጥኩ ጠረጴዛውን በቡጢ ይመቱታል፤ ሳህኑ ይዘላል።

«ቀስ በይ አልኩሽ።»

እንዲህ ሲቆጡኝ ወራት አለፉ። ስኳሩ ዛሬም አብሮኝ አለ፤ ሆዴ ግን ረጋ።

ትናንት አርባቸው ወጣ። ዛሬ ጠዋት ሾርባውን ራሴ ሠርቼ ብቻዬን ቀረብኩ። ጉሮሮዬን እስኪያቃጥለኝ ድረስ ሆን ብዬ ቶሎ ቶሎ ዋጥኩት። ጠረጴዛውን የሚመታ እጅ አልነበረም።